ክብር ሳያነቡ ለሚተቹ

ልብ ወለድ መጻፍ ምን ይከብዳል? ሰውዬው አራት አምስት ዓመት ቤቱ ይቀመጣል። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ከሚስቱ ይጣላል፣ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ደጅ ይጠናል። በቃ። ይሄንን ማንም ሥራ ፈት ይችለዋል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ ገጽ ሳይገልጡ አራት መቶ ገጽ መተቸት! ይሄ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ደግነቱ በዚህ በኩል አልታማንም።

ከሐያሲዎቻችን ሁሉ የማከብረው ካፌ በረንዳ ላይ የሚቀመጠውን ነው። አዟሪው መጽሐፍ ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ ሲያልፍ በጣቱ ይጠራዋል። ከላይ አያነሳም፤ ከመሃል ይመዛል። ልጁ የሚናደውን ቁልል በጉልበቱ ደግፎ ይጠብቃል። ሐያሲያችን የጀርባውን ሽፋን ያነባል። የደራሲውን ፎቶ ትክ ብሎ ያያል። «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፣ የኛ ሰፈር ልጅ ነው» ይላል። ከዚያ ዋጋውን ያይና ያፏጫል። መጽሐፉን ይመልስና ማኪያቶውን እያማሰለ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ጭብጡ አልጠነከረም።» አዟሪው ገና አስፋልቱን አልተሻገረም። እስቲ የት አገር ነው ሂስ እንዲህ ቶሎ የሚደርሰው?

ምረቃ ላይ ደግሞ ጥበቡ ይረቃል። ወመዘክር አዳራሽ ለምረቃ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሂስ አቅራቢው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «መጽሐፉ የደረሰኝ ትናንት ማታ ስለሆነ ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ሆኖም...» ይላሉ። ከ«ሆኖም» በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስለ ሩሲያ ልብ ወለድ እንሰማለን። ዶስቶየቭስኪ ይነሳል፤ ምስኪን፣ እኛ አገር ሳይጠሩት የተመረቀ መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። ስለ አቅራቢው የዩኒቨርሲቲ ዘመን እንሰማለን። ደራሲው ፊት ወንበር ላይ ሆኖ አንገቱን ይነቀንቃል፣ የሱ ተራ እስኪደርስ። ይደርሳል። ገጽ 7 ላይ «ሥራ» በንጉሡ ሠ መጻፍ ሲገባው በእሳቱ ሰ ተጽፏል። ጭብጨባ። እኔ ያጨበጨብኩት ገጽ 7 ድረስ በመዝለቃቸው ነው።

ከዚያ ማይኩ ወደ ታዳሚው ይዞራል። አንድ አባት ይነሱና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብለው፣ ራሳቸው ሊጽፉ ያሰቡትን መጽሐፍ ከልጅነታቸው ጀምረው ይተርካሉ። አንዷ ደግሞ «ዋናው ገፀ ባሕርይ አንተ ነህ አይደል?» ትላለች። አይደለሁም ካለ ዋሸ። ነኝ ካለ «ታዲያ ምኑን ልብ ወለድ ሆነ?»

የቴሌግራሞቹን አልረሳኋቸውም። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ፎቶ ይነሳና ፒዲኤፍ ይሆናል። በየገጹ ጥግ ያንሺው አውራ ጣት አለ። ጥፍሩ መጀመሪያ አድጓል፣ ምዕራፍ ስድስት ላይ ተቆርጧል፣ ወደ መጨረሻው ፕላስተር ተለጥፎበታል። ልብ ሰቀላ ማለት ይሄ ነው። ይሄንን በነፃ ያወረደ ጀግና «ገንዘቤን አቃጠልኩ» ብሎ ይለጥፋል። ከሱ የሚበልጠው ትሑት ደግሞ ለራሱ ለደራሲው በውስጥ መስመር ይጽፋል፦ «ወንድሜ፣ ፒዲኤፉን ላክልኝማ፣ ልተችልህ ነበር።»

ታሪክ አዋቂዎቹም አሉ። «እንደ ድሮዎቹ የሚጽፍ ጠፋ» ባዮቹ። «ፍቅር እስከ መቃብርን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ» የሚላችሁን ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማው። መስማቱ አይከፋም፤ እንደ ወጋየሁ ያለ ድምፅ ከየት ይመጣል? የሚገርመኝ ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን በጆሮው ይዞ፣ ዘንድሮ የታተመውን በዓይኑ ሳያይ ሁለቱን ማወዳደሩ ነው። «በዓሉ ግርማ ቢኖር!» ብሎም ይተክዛል። በዓሉ ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. አወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። እሱም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያንን መጽሐፍ ያሳገዱት ሰዎች እንኳን ሳያነቡት አልቀሩም። የኛዎቹ ከዚህ ሁሉ ድካም ነፃ ወጥተዋል።

ደራሲዎቻችን ግን ይሄን ሁሉ ውለታ አያውቁም። አንዳንዱ ዓይን አውጣ «ለመሆኑ አንብበኸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። እንዴት ያለ ነውር ነው! ሐያሲ በሰው ፊት እንዲህ አይዋረድም። ሌላው ደግሞ ገና «መጽሐፉ ላይ ሂስ ወጣ» ሲባል «ምቀኛ ነው» ብሎ ይገላገላል። ይሄኛውስ ከሐያሲው ጋር ይግባባል። እሱም ሂሱን አላነበበውም።

ስለዚህ ወዳጅ ደራሲያን፣ ወረቀት እሳት በሆነበት ዘመን ለምን ትቃጠላላችሁ? አራት መቶ ገጽ ለማን ነው? የፊት ሽፋን፣ የጀርባ ሽፋን፣ ምስጋና፣ መታሰቢያነቱ ለእናቴ። ገጽ 7ን ግን አትርሱ፤ አንድ ሁለት የፊደል ግድፈት ጣል አድርጉበት፣ ሂስ አቅራቢው ባዶ እጃቸውን እንዳይወጡ። ውስጡን ሐያሲው ከራሱ ይሞላዋል። ፒዲኤፉም ለመላክ ቀላል ይሆናል።