ከሚካኤል እስከ በዓታ

በሰሜን ሸዋ ልጇን አምስት ዓመት ሕግ አስተምራ ያስመረቀች እናት «ልጅሽ የምን ጠበቃ ሆነ?» ተብላ ስትጠየቅ «የመሬት» ወይም «የወንጀል» ብላ የመለሰች እንደሆነ፣ ጠያቂዋ ቡናዋን ፉት ብላ በአድናቆት ራሷን ትነቀንቃለች። «የታክስና የአስተዳደር ሕግ ነው» ያለች እንደሆነ ግን ጥቂት ጸጥታ ይሆንና «አይዞሽ፣ ገና ልጅ አይደል? ይለወጣል» የሚል ማጽናኛ ይከተላል። ሊፈረድባቸው አይገባም። ለአንድ ክንድ ድንበር ሦስት ትውልድ የተሟገተ፣ በላ ልበልሃን ከአያቶቹ አንደበት ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ጠበቃ ሲባል የሚታየው ኩታውን አጣፍቶ ችሎቱን በድምፁ የሚያናውጥ ሰው ነው እንጂ፣ ቀለሙ የለቀቀ ደረሰኝ ወደ መስኮት አስጠግቶ ቁጥሩ ሦስት ይሁን ስምንት ለመለየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ወጣት አይደለም።

የአስተዳደር ሕጉማ ከተረታችን ጋር ሳይቀር የተጣላ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ለተቀመጠ ሰው፣ የዚህ ሙያ ዋና ሥራ መሥሪያ ቤትን መክሰስ መሆኑን ማስረዳት ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አንድ መሥሪያ ቤት ለሚሰጠው ውሳኔ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ ውሳኔው በፍርድ ቤት የሚከለስበትንም መንገድ ከፍቷል። ወጣቱ ጠበቃ ይህንን አዋጅ በክብር ጠርዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ነገር ግን አዋጁ ስሙ እንደሚናገረው የፌዴራል ነውና፣ የደብረ ብርሃን ሰው በዚህ ሕግ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የተቀመጠውን ትልቁን መሥሪያ ቤት «ምክንያትህን ንገረኝ» ሊለው ሲችል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን አዋጁን ጠቅሶ ሊጠይቀው አይችልም። ደንበኛው በበኩሉ ከአዲስ አበባው ጋር ምንም ጠብ የለውም፤ ነገሩ ሁሉ ከፊት ለፊቱ ጋር ነው።

የግብሩ ሥልጣንም እንዲሁ የተከፋፈለ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ሲሆን፣ የድርጅቶች የንግድ ትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። ስለዚህ አንድ የሸቀጥ ነጋዴ ከባለቤቱ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋመ ዕለት፣ ሱቁ፣ ሚዛኑና ድመቱ እዚያው እንዳሉ የግብሩ ባለመብት ይለወጣል። ጠበቃው ይህንን ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። ነጋዴው የሚጠይቀው ግን «ታዲያ በየትኛው ይቀንሳል?» ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ የዚህ ሙያ ክብደት ያለው በቀን ቆጠራው ላይ ነው ባይ ነኝ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ አለበት፤ የክልሎቹም ሕጎች በአብዛኛው የዚሁ አምሳያ ናቸው። በአገራችን «21 ቀን» ብሎ የሚቆጥር ሰው ስለሌለ፣ የማውቀው አንድ ጠበቃ የሕጉን ቀነ ገደብ በሙሉ ወደ ወርኃዊ በዓላት ገልብጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ወረቀቱ ለሚካኤል የደረሰው ሰው ለበዓታ ማመልከቻውን ያስገባል፤ ወሩ ነሐሴ ከሆነ ግን ጳጉሜን ጣልቃ ትገባና ቀኑ ለሩፋኤል ይሆናል። የይግባኙ 30 ቀን ደግሞ፣ ጳጉሜን ካልገባችበት፣ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ስለሆነ ማንንም አያሳስትም። ከዚህ የቀለለ የሕግ ማብራሪያ ከየትኛውም ፕሮፌሰር የሚገኝ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ግድግዳው የሚነበበው ቢሮው ከተገባ በኋላ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አንድ የቅቤ ነጋዴ በፌስታል የተቋጠረ የደረሰኝ ክምር ይዘው መጡ። ቅቤው በወረቀቱ ውስጥ ስላለፈ የፊቱ ጽሑፍ ከጀርባውም ይነበብ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሳኔው መቼ ደረሰዎት?»

«ለሚካኤል ነዋ፣ ከንግሥ ስመለስ።»

«የትኛው ሚካኤል?»

«የኅዳሩ ነው እንጂ ልጄ፤ ሌላ ምን ሚካኤል አለ?»

«እንግዲያው ለታኅሣሥ በዓታ ቅሬታዎን ማስገባት ነበረብዎት።»

«በዓታንማ አንግሠናል! ታቦቱ እስኪገባ ቆሜ ነው የዋልኩት።»

ከኅዳር እስከ ጥር ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ ሲጠየቁ፣ የእህታቸው ባል አበልጅ የሆነ ሰው «እኔ እጨርስልዎታለሁ፣ ጠበቃ ዘንድ ሄደው ነገሩን አያክርሩት» ብሏቸው እሱን ሲጠብቁ መክረማቸውን ተናገሩ። አበልጁ የሚሠራው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር አንድ ግቢ በሚጋራ ሌላ ጽሕፈት ቤት ነበር። ነጋዴው ሽማግሌም ልከዋል። ሽማግሌዎቹ ወንበር ተስቦላቸው፣ ሻይ ቀርቦላቸው፣ ግብር በሽምግልና እንደማይቀነስ በትሕትና ተነግሯቸው ሲወጡ «ሰውየው ጨዋ ነው፣ ነገሩ አልቋል» ብለው አበሠሩ። ነገሩስ በእርግጥ አልቆ ነበር።

በጊዜው የደረሰ ደንበኛ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ቅሬታው ውድቅ ሆኖበት ወደ ፌዴራል የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚሄድ ሰው አከራካሪ ከሆነው ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ አለበት፤ ከዚያ አልፎ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲወጣ 75 በመቶ ይደርሳል። አንድ የእህል ነጋዴ ይህንን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር የሚጨመርብኝ ከሆነ፣ ሰበር ስደርስ የጎረቤቴንም ግብር ልትሉኝ ነዋ» ብለዋል። ጠበቃው ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ፈልጎ አላገኘም።

የእንጀራውን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ በዞኑ ውስጥ የዚህ ጠበቃ ተቀናቃኝ ሌላ ጠበቃ ሳይሆን የሒሳብ ሠራተኛው ነው። መዝገብ የሚያዘው እሱ፣ ግብር የሚያስታውቀው እሱ፣ ነገር ሲበላሽም «ቀላል ነው፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ» ብሎ ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ነው። በዚህ የተነሣ ዘርፉን የመረጠ ምሩቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በግብር ሰብሳቢው ወገን ነው። እዚያ በሕግ ባለሙያነት ተቀጥሮ የነጋዴን ቅሬታ ውድቅ የሚያደርጉ ደብዳቤዎች ሲያረቅቅ ይቆይና፣ ውሳኔዎቹ የት ላይ እንደሚሰነጠቁ ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ለቅቆ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቀድሞ የገነባውን ግንብ በሰዓት ሒሳብ ማፍረስ ይጀምራል። ወንበሩ ላይ የሚተካው የክፍል ጓደኛው ደግሞ በተራው እዚያ ሆኖ ይለማመዳል።

ባለግድግዳው ጠበቃ ራሱ ከግብር አላመለጠም። የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ አገሩን በአቤቱታ ባጥለቀለቀው ጊዜ የእሱም ግምት ሰማይ ነካ። ገማቾቹ በመጡበት ሰዓት ከቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰባት ሰው ተደርድሮ አይተው ኖሯል። ከሰባቱ አምስቱ በነፃ ምክር ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶቹ፣ አንዱ ዝናብ ያስጠለለው መንገደኛ፣ አንዱ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ የተቀመጡት አከራዩ ነበሩ። ጠበቃው የእያንዳንዳቸውን ዝምድና እስከ ቅድመ አያት ዘርዝሮ፣ የአከራዩን የምስክርነት ቃል አያይዞ፣ ቀኑ ሳያልፍ ቅሬታውን አስገባ። የተሰጠው መልስ «ዘመዶች ቢሆኑም ምክር አግኝተዋል» የሚል ሆነ።

መልሱን ያረቀቀው ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ ዶርም ያደረ ጓደኛው ነበርና ማታ ደወለለት። «ቅሬታህ ግሩም ነው፤ ውድቅ ሳደርገው አልቅሻለሁ። እንዲያው እኔ እዚህ አንድ ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ስወጣ፣ ያ ቢሮህ ሁለተኛ ጠረጴዛ ይችል ይሆን? ደግሞ ይግባኙን እንዳትረሳ፤ ወረቀቱን የሰጠሁህ ለገብርኤል ነው።»