ቅጠልን በጨለማ ብቻ መፈተን ይብቃ

ፀሐይ ላይ ጤና አዳም ሲቀነጥስ የዋለ ሰው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እጁ ቀልቶ፣ አልፎ አልፎም ውኃ ቋጥሮ ሊያገኘው ይችላል። ጥፋቱ የቅጠሉ ብቻ አይደለም። ፉራኖኩማሪን የሚባሉት የቅጠሉ ውህዶች በጨለማ ቆዳን እምብዛም አይነኩም፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ግን ሕዋስን ያቃጥላሉ። ፎረፎር ለማጥፋት ራስን በሎሚ አሽቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ የብርሃን ጉልበት በፈንገስ ላይ ሊዞር እንደሚችል ተመራማሪዎች ካወቁ ቆይተዋል። ሐሳቡ የሚጀምረው ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ በ1900 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ አክሪዲን የተሰኘ ቀለም ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታትን በብርሃን ሲሆን በፍጥነት እንደሚገድል ማስተዋሉን ካሳተመበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከዕፅዋት ውህዶች መካከል በዚህ ረገድ በብዛት ከተጠኑት አንዱ የእርድ ቢጫ ቀለም፣ ኩርኩሚን፣ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን በዙሪያው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል፤ በዚህ የሚፈጠረው ንቁ ኦክስጅንም የፈንገሱን ሽፋንና ፕሮቲኖች በአንድ ጊዜ ያጠቃል። አዞል የሚባሉት የተለመዱ የፈንገስ መድኃኒቶች በአንድ ኢንዛይም ላይ ሲያነጣጥሩ፣ ይህኛው ብዙ ቦታ ስለሚመታ ፈንገሱ በቀላሉ አይለምደውም ተብሎ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አሳሳቢ ያላቸውን 19 የፈንገስ ዓይነቶች ሲዘረዝር መድኃኒት መላመድን ከዋነኞቹ ስጋቶች አንዱ ማድረጉን ስናስብ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

የእኔ ቅሬታ ግን ዕፅዋት ፈንገስ መግደላቸውን በምንፈትንበት መንገድ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የቅጠሉ ጭማቂ ከፈንገሱ ጋር ተደርጎ በተዘጋና በጨለመ ኢንኩቤተር (ሙቀቱ የተመጠነ የቤተ ሙከራ ሣጥን) ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይቀመጣል። በብርሃን ብቻ የሚሠራ ውህድ በዚህ ፈተና «ኃይል የለውም» ተብሎ ይወድቃል። የባህል ሐኪሙ ጭርት ላይ ቅጠል ቀብቶ በሽተኛውን በጠራራ ፀሐይ ሲሸኝ፣ እኛ ያንኑ ቅጠል ጨለማ ውስጥ ከተን ሐኪሙን እንፈርድበታለን። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት የደረሰበት፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆሞ ተክሉ በእርግጥ ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ በማየቱ ነበር።

ልኩን ማወቅም ተገቢ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ቆዳን ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አልፎ ስለማይዘልቅ፣ ዘዴው ለቆዳ፣ ለአፍና ለቁስል እንጂ ለሳንባ ወይም ወደ አንጎል ለዘለቀ ፈንገስ ተስፋ አይሆንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ቆረቆር እንኳ ይከብደዋል። ኩርኩሚንም ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ስለዚህ እርድ ለውሶ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ሕክምና አይደለም።

በዕፅዋት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራን ሊጠይቁ የሚገባቸው ነገር ግን ብዙ ወጪ የለውም፦ የሞገድ ርዝመቱና መጠኑ የተለካ የኤልኢዲ መብራት፣ ጭማቂው በብርሃንና በጨለማ የሚታይባቸው ሁለት ሳህኖች፣ እንዲሁም ያለ ጭማቂ ብርሃን ብቻ የሚያርፍበት ሦስተኛ ሳህን።