ስለ አካል ጉዳተኛ ተመራቂዎች የሥራ ቅጥር መብት የተሰጠ ማስተካከያ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ለሚማሩ አካል ጉዳተኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባሰራጨነው የሥራ ፍለጋ መመሪያ ላይ ሁለት ስሕተቶች ስለተገኙ እንደሚከተለው አርመናል።

የመጀመሪያው፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ «568/2008» ብለን መጥቀሳችን ነው። ትክክለኛው መጠሪያ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሲሆን፣ 2008 አዋጁ የወጣበት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ በማመልከቻ ላይ የተሳሳተ ቁጥር መጥቀስ የአመልካቹን አቤቱታ ያዳክማል።

ሁለተኛውና ከባዱ ስሕተት፣ «ቀጣሪዎች ለአካል ጉዳተኞች የተወሰነ የሥራ መደብ ለይተው የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው» ማለታችን ነው። ይህን ስሕተት ያገኘችው መመሪያውን በስልኳ ድምፅ ስታዳምጥ የነበረች አንዲት ዐይነ ስውር ተመራቂ ናት፤ ዐረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ መልሳ ካሰማችን በኋላ «ይህ ኮታ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ መልስ አልነበረንም። አዋጁ የሚለው፣ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ካልሆነ በስተቀር፣ ብቃቱ ያለውና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያገኛል ነው። ስለዚህ ውድድሩ አይቀርም። ቀጣሪው ግን ለሥራውና ለሥልጠናው አመቺ ሁኔታ የመፍጠር፣ እንደ አስፈላጊነቱም ረዳት የመመደብ ኃላፊነት አለበት፤ በእኛ እምነት ተመራቂዎች አጥብቀው ሊይዙት የሚገባው ይኸኛው ነው። ፈተናውን በብሬል ወይም በአንባቢ መውሰድ የምትፈልጉ፣ ጥያቄያችሁን ከፈተናው ቀን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂውንም ያዙ።

የቀድሞው መመሪያ በእጃችሁ ካለ፣ እባካችሁ ለሌላ አታስተላልፉት።