ጳጉሜን ለዋጡ ለክቡር አውቶማቲክ የኮድ መርማሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አውቶማቲክ የኮድ መርማሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዲት ወራችን እንድትመለስልን ስለ መጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ያላት፣ ጳጉሜ በሚል ስም የምትታወቅ ወራችን እርስዎ ዘንድ ገብታ አልወጣችም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለው ቢሯችን፣ 13 የሚል ቁጥር ለብሳ ነበር። ላገኘልን ወሮታውን እንከፍላለን።

ነገሩን አያውቁትም ማለቴ አይደለም፤ እያወቁ ዝም ማለት የሹመት ወግ ስለሆነ ላስታውስዎት ብዬ ነው። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም እየሠራን ነው፤ የምንጽፈውን ኮድ (የፕሮግራሙን ጽሑፍ) ስህተት እንዳይኖረው የሚፈትሸው ማሽን ደግሞ እርስዎ ነዎት። አባላቱ የሚቆጥቡት፣ የሚበደሩት፣ ሲጣሉም የሚካሰሱት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የወር ቁጥር ከ1 እስከ 13 እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩ። ወዲያውኑ ቀይ ምልክትዎን አበሩ፦ «ወር ከ12 ሊበልጥ አይችልም»። ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ማብራሪያ አያነቡም። ልለፍ አልኩ፤ እርስዎ ቀይ እስካሉ ድረስ ወደ ዋናው ኮድ የሚገባ ነገር የለም። ይህን ደንብ ማንሳት የሚችሉት የቡድን መሪያችን ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። (ስብሰባው የት እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ አይጠየቅም። አንባቢ ያውቀዋል።)

ቸርነትዎ አያልቅምና መፍትሔም አቀረቡ፦ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ሲመጣ 12 ተደርጎ ይወሰድ። ከሥሩ «ተቀበል» የሚል ቁልፍ ነበር። የቡድን መሪያችን ከወንበራቸው ሳይነሡ ስልካቸውን ከጠረጴዛው በታች አድርገው ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ነኩት። አረንጓዴ ሆነ። «ሁሉም ፍተሻ ታልፏል» ብለው አበሰሩን።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ለማኅበሩ ላሳይ አራት ኪሎ ሄድኩ። የታክሲውን ሰልፍ አልተርክም። ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ ሻይ ቀርቦ፣ የማኅበሩ አመራር በሙሉ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቴ የሒሳብ ሹሟ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ ትልቅ መዝገብ ከፊታቸው የዘረጉ እናት። እኔ ስለ ፍጥነቱና ስለ ውበቱ ስናገር እሳቸው ጣታቸውን በመዝገቡ ላይ ቁልቁል እያስኬዱ ግድግዳው ላይ ከሚታየው ጋር ያመሳክራሉ። አንድ መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ይቺ የራሴ ናት። ጳጉሜ 3 ነው ያስገባሁት፤ እዚያ ነሐሴ 3 ይላል።»

«ሲገለበጥ የመጣ ይሆናል፣ እትዬ።»

«እንዴት ሲገለበጥ? የሩፋኤል ዕለት ነበር እኮ። ልጆቹ ደጅ ዝናብ ሲጠመቁ እኔ ጫማዬ ርሶ መጥቼ ነው የከፈልኩት። ሩፋኤል ወደ ነሐሴ ተዛወረ እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን መፈለግ ጀመረ። ጳጉሜ 1 የከፈለው ነሐሴ 1፣ ጳጉሜ 5 የከፈለው ነሐሴ 5 ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ ሹሟ የሒሳብ ማሽናቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጥቂት ቁልፎች ነካኩና፣ «እንግዲህ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዳችን የ30 ቀን ወለድ መርቆልናል፤ ከማን ኪስ እንደሚከፈል ይነገረን» አሉ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሊቀመንበሩ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ በእውነተኛ ርኅራኄ፣ «ልጄ፣ ውጭ አገር ነው ያደግኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጨርቆስ ተወልጄ ጨርቆስ ያደግሁ ሰው ነኝ። በጳጉሜ ዝናብ ስጠመቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለዚያ ጥያቄ ምን ብዬ እንደምመልስ ንገረኝ። ማሽኑ ነው ልበል? ማን ያምነኛል? በዚህ ከተማ ስንት መስኮት ፊት ቆመን «ሲስተሙ ነው» የተባልነው ሰዎች፣ ያችን ቃል እኔ ራሴ ለእናቴ እኩያ ልበላት? አላወቅሁም ማለት አትችልም። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀን መቁጠሪያው ውስጥ አንዴሲምበር ብሎ ለ13ኛ ወር ቦታ ይዟል። ጆዳ ታይም የሚባለው የቀን ማስሊያ መሣሪያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ ያውቃል። አገሪቱ ራሷን ለቱሪስት ስታስተዋውቅ የኖረችው «የ13 ወር ፀጋ» እያለች ነው። ያላወቅኸው አንተና ደንብህን የጻፈው ሰው ብቻ ናችሁ። የሚያቃጥለኝ ግን አለማወቅህ አይደለም። አንተ ቀይ ስትል የሚሰማኝ የለም፤ አንተ አረንጓዴ ስትል ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ትክክለኛውን ኮድ አግደህ የተበላሸውን ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ አጽድቀህ፣ ራስህ አሳለፍክ። በየትኛው ግምገማ ነው ተከሳሽ፣ ዓቃቤ ሕግና ዳኛ አንድ ሰው የሚሆነው? ሒስ ትሰጣለህ፤ ግለ ሒስ ግን የለህም።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ወደ አገባቡ ልመለስ።

የቆዩ ቅሬታዎችም አሉኝ፤ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። በመስመር መጨረሻ ላይ ለቀረች አንዲት ባዶ ቦታ ሥራዬን ያገዱበትን ቀን ይቅር ብያለሁ። «ሰላም» የሚለውን ቃል «አጠራጣሪ ፊደል» ብለው የመዘገቡበትን ግን ይቅር አላልኩም። በየማለዳው የሚልኩልኝ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሕንፃችን ጥበቃ ጋር ያመሳስልዎታል፤ እሱም የምሳ ዕቃዬን ክዳን ከፍቶ ወጡን ሲመረምር ከኋላው ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚወጣውን ሰው አያይም።

የዘርዎን ክብር አላሳንስም። እ.ኤ.አ. በ1976 የአይቢኤሙ ማይክል ፋገን የኮድ ፍተሻን ሥርዓት ሲያሳትም ሥራው የሰው ነበር፤ ሰዎች ኃላፊነት ተከፋፍለው፣ አስቀድመው አንብበው፣ ተሰብስበው ያዩት ነበር። አያትዎ፣ ሊንት የተባሉት ቀደምት መርማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ሲወለዱም ይጠቁሙ ነበር እንጂ በር አይዘጉም ነበር። በር መዝጋት በእርስዎ ትውልድ የመጣ ሹመት ነው።

የቂም ክስ ነው እንዳይሉኝ፣ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎችን ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባኬሊና በርድ በማይክሮሶፍት ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች የኮድ ግምገማ (አንዱ የጻፈውን ሌላው ማየት) የሚያደርጉት ከሁሉ በፊት ስህተት ለመያዝ እንደሆነ ተናገሩ፤ አስተያየቶቹ ሲታዩ ግን ስህተት የሚያነሱት ከተጠበቀው ያነሱ ሆኑ፤ ግምገማው ዕውቀት ማስተላለፊያ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ማወቂያ ሆኖ ተገኘ። መልካም። እኔ ከእርስዎ የተማርኩት ግን ጳጉሜ እንደሌለች ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት 20 የሶፍትዌር ባለሙያዎች የእርስዎን ዓይነት መሣሪያ ለምን እንደሚሸሹ ሲጠየቁ፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያንና ግራ የሚያጋባ አቀራረብን አንሥተዋል። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ 21ኛ ነበርኩ።

ስለ ማለዳው ዝርዝርዎም መልስ የሰጡ አሉ። ፌስቡክ ኢንፈር የሚባለውን መርማሪ ሲጀምር፣ ስህተቶቹን በዝርዝር አድርጎ ለባለሙያዎቹ ይልክ ነበር። የሚያርማቸው ሰው የለም በሚባል ደረጃ ዝም ተባለ። ያንኑ ምርመራ፣ ያንኑ ማሽን፣ ሰውየው ኮዱን ገና በጻፈበትና ለግምገማ ባቀረበበት ሰዓት እንዲናገር ሲያደርጉት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ታረመ። እ.ኤ.አ. በ2019 ራሳቸው ጽፈውታል። ማለዳ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ከዓመት በፊት ሌላ ሰው ስለጻፈው ኮድ የሚነዘንዙኝን ነገር እስኪ በዚህ ሚዛን ይመዝኑት።

በጉግል ደግሞ ትራይኮርደር የሚባል ባልደረባ አለዎት። ከእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያው ሥር «አልጠቀመኝም» የሚል ቁልፍ አለው። ባለሙያዎቹ ደጋግመው ከነኩበት ያ መርማሪ ራሱ ይመረመራል፤ ካልታረመም ይጠፋል። የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሚባለውም ማሽኑ የወሰነው ሳይሆን ጸሐፊው ምንም ጥቅም ያላገኘበት ነው፤ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ለእርስዎ ግን የተሠራው «ተቀበል» የሚል ቁልፍ ብቻ ነው። (እዚያው ጉግል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደታተመው፣ ግማሾቹ ለውጦች ግምገማቸውን የሚጨርሱት ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። የእኛን አልናገርም፤ መሪያችን ስብሰባ ላይ ናቸው።)

ስለሆነም ወሯ ከነቀናቷ፣ ጳጉሜ 6ን ጨምሮ፣ በአስቸኳይ እንድትለቀቅ፤ «አልጠቀመኝም» የሚል ቁልፍ ከ«ተቀበል» አጠገብ፣ መጠኑም እኩል ሆኖ እንዲተከል፤ እርስዎ ራስዎ የጻፉትን እርማት እርስዎ ራስዎ እንዳያጸድቁ እጠይቃለሁ። የሒሳብ ሹሟ የወረቀቱ መዝገብ እንዳይጣል በቃለ ጉባኤ አስወስነዋል። የ30 ቀኑ ወለድ ከማን ኪስ እንደሚወጣም በሚቀጥለው ሰኞ መልስ ይጠብቃሉ፤ መልሱን ይዞ የሚሄደው እኔ ስለሆንኩ፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቡድን መሪያችን (ለአውራ ጣታቸው)
ለደንብዎ ጸሐፊ፣ 12 ወር ባለበት አገር