«ሻርፕ» እያላችሁ አታደናግሩን

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይቺን «ልክ በሰዓቱ» ለማለት የምንጠቀምባትን «ሻርፕ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ወይ በወጉ ጻፏት ወይ ተዉዋት! የሠርግ ጥሪው፣ የስብሰባው ማስታወቂያ፣ የኢንተርቪው ኢሜይሉ ሁሉ «አት ሻርፕ 8፡00» ይላል። በአማርኛ ስናወራ «ሻርፕ 2 ሰዓት» ማለት ለምዶብን እንግሊዝኛውንም እንደዚያው እንጽፈዋለን። እዚያ ግን ቦታዋ ከሰዓቱ ኋላ ነው፤ ኤኤም ወይ ፒኤም ካለም ከእሱም ኋላ። «አት 8፡00 ኤኤም ሻርፕ»፣ አለቀ። ኮማም አያስፈልጋት። «ሻርፕሊ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በድንገት ወይም በቁጣ ወደ ማለት ይሄዳል።

«አራውንድ 8፡00 ሻርፕ» የሚሉትስ? ገደማ ነው ልክ? እንውጣ ወይስ ቡናችንን እንጨርስ? «ከ8፡00 እስከ 8፡30 ሻርፕ»ም ያው ነው፤ ሻርፕ አንዲት ደቂቃ እንጂ ግማሽ ሰዓት አትይዝም።

ይሄስ ይሁን። ሰው ሥራ የሚያሳጣው «2፡00 ኤኤም ሻርፕ» ነው! ጸሐፊው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የጻፈው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ፦ ጠዋት 2 ሰዓት 8፡00 ኤኤም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 3፡00 ፒኤም ይሆናል። ቀን 6 ሰዓት ሲሆን «12፡00 ሻርፕ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፣ ሌሊትም 12፡00 አለ፤ «12፡00 ኑን ሻርፕ» በሉ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በዙም የሚገባ ከሆነማ የከተማውን ስም ካልጻፋችሁ ሻርፕ ማለታችሁ ከንቱ ነው። እነሱ መጋቢትና ኅዳር አካባቢ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነታችን አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ነው።

ለሠርግ ጥሪና ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቃሏ ትእዛዝ ትመስላለች፤ «ፕሮምፕትሊ አት 8፡00 ኤኤም» ይሻላል። ምዝገባው 7፡30 ከሆነ ለብቻው ጻፉትና ሻርፕን ፕሮግራሙ የሚጀመርበት ሰዓት ላይ ብቻ አድርጓት። እሱንም የምትጀምሩ ከሆነ ነው! «ሻርፕ 2 ሰዓት» ብሎ ሰው ሰብስቦ፣ 2፡45 ላይ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማይክ ቼክ» ምን የሚሉት ነው?