አውጫጭኝና ጥቁር ሳጥን

ባለፈው ታኅሣሥ አክስቴን ወደ ባሕር ዳር ኤርፖርት ስሸኝ ባጃጃችን ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተጣብቃ ቀረች። አይሱዙው በቆሎ ጭኗል። አንዱ ጆንያ ተቀዶ ኖሮ እህሉ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። መኪናው ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ ርግቦቹ መጡ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ዓይናቸው ዙሪያ የቀላ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የምናያቸው የዱር ርግቦች ናቸው።

«ይኸን የመሰለ እህል መንገድ ላይ!» አለች አክስቴ። እሷ ያዘነችው ለበቆሎው ነው። እኔ ዓይኔን ከርግቦቹ መንቀል አቃተኝ። ባጃጅ ነጂው ጡሩንባ ሲነፋ ሁሉም በአንዴ ብድግ አሉና ዞረው ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ በረሩ።

ትንሽ ቆይታ «ፓይለቱ ሐበሻ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «እንግዲያማ ምን አለ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

የባሕር ዳር ትልልቅ ሰዎች ርግብና አውሮፕላን ሲባል የሚያስታውሱት ቀን አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ባሕር ዳር አርፎ፣ ወደ አሥመራ ሊቀጥል ነው። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንዱ ሞተር ወዲያው ደከመ። አብራሪዎቹ ዞረው ሊያርፉ ሲሉ ሌላውም ከዳቸው። ጎማው ሳይወርድ አውሮፕላኑ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። 35 ሰዎች ሞቱ። 69 ተረፉ፤ የበረራ ሠራተኞቹ በሙሉ ከተረፉት መካከል ነበሩ።

«ለምን ፍሬን አልያዘም?» የሚል ሰው እስከ ዛሬ ይገጥመኛል። ጥያቄው ክፉ አይደለም። እያንዳንዱ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት አብራሪዎቹ አንድ ፍጥነት አስልተው ይይዛሉ። ከዚያ ፍጥነት በታች ችግር ከተፈጠረ ይቆማሉ። ካለፉት ግን መነሳት ግድ ነው፤ የቀረው መንደርደሪያ ለማቆም አይበቃምና። ርግቦቹ የመጡት ያ ፍጥነት ከታለፈ በኋላ፣ አፍንጫው ገና ቀና ሊል ሲል ነው። ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም።

ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ክንፉም የሚሸከመው እንዲሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቆላ ላይ ካለ ኤርፖርት ይልቅ ረዥም መንደርደር፣ በመሬት ላይ የበለጠ መፍጠን አለበት። አንዲት ርግብ ግማሽ ኪሎ አትሞላም። በዚያ ፍጥነት ስትመታ ግን ብረት ታጣምማለች።

አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ሦስት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንደኛው «እግዜር ያመጣው ነው» ይላል። ሁለተኛው ፓይለቱን ይይዛል። ሦስተኛው ተንኮል ይሸተዋል፤ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ስም የሚጠራም አይጠፋም። ከሦስቱ የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል።

አውጫጭኝን የሚያውቅ ያውቃል። በሬ ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል አገሬው አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ለሌባ ጥሩ ነው። አያቶቻችን ያለ ፖሊስ የኖሩት በዚህ ነው። ይህ ልማድ ውስጣችን ስላለ አውሮፕላን ሲወድቅም ዛፍ ሥር ቁጭ እንላለን፤ አንድ ሰው እስኪወጣልን እንጠብቃለን። የወጣው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው ነው። መልስ አይሰጥማ።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአደጋ ምርመራ ደንብ፣ አባሪ 13 የሚባለው፣ የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው ይላል። ማንን እንክሰስ የሚለው የፍርድ ቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ልዝብ ሆኖብኝ ነበር። ሰው አልቆ እንዴት ጥፋተኛ አይፈለግም? ኋላ ነው የገባኝ። ጥፋተኛ ካገኘህ መፈለግ ታቆማለህ። የበሬው ሌባ ሲያዝ ጉባኤው እንደሚበተነው ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የምንጠራው ለበጎ ነገር ነው። አደጋም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ቀጫጭን ድር ነው፤ አንዱን ብቻ ብታየው በጣት ይበጠሳል።

የባሕር ዳሩን እንየው። ርግብ አለ። ርግቡ ለምን እዚያ ተገኘ? በዙሪያው እርሻ አለ፣ ሣር አለ፣ ውኃ አለ። ጣና የዩኔስኮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ ሀብቱም ወፎቹ ናቸው። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች ብቻ አይደሉም፤ ረዣዥም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች በበጋ በብዙ ሺህ እየሆኑ ይመጡና በታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ። ይህን ማንም ሊከለክል አይችልም፣ አይገባምም። ከሐይቅ አጠገብ ኤርፖርት ያለው ከተማ ከወፍ ጋር ተስማምቶ መኖርን መማር አለበት።

ስለ ወፍ ሲነሳ የቢሾፍቱን ማለፍ አልችልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዢያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በማን ላይ ነው? በአብራሪዎቹ። በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር የሥልጠናቸው ነገር ተነሳ። እነሱም የራሳቸው አውጫጭኝ አላቸው ማለት ነው። በኋላ የወጣው ሌላ ነው። አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ያንን አንድ መሣሪያ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ክርክር አለ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ መሣሪያውን ያበላሸው የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አልተስማማም፤ መሣሪያውን የመታው ባዕድ ነገር ነው፣ ምናልባትም ወፍ ነው አለ። ማን ልክ እንደሆነ ልፈርድ አልችልም። ግን እሺ፣ ወፍ ነው እንበል። አንዲት ወፍ አንድ መሣሪያ ስትመታ 157 ሰው የሚያልቅ ከሆነ ጥፋቱ የወፏ ነው? ወፍ ከአውሮፕላን በፊት ሰማይ ላይ ነበረች። መሐንዲሱ እንደምትመጣ ያውቃል። አንዱ መሣሪያ ሲሳሳት ሌላው «ተው» የሚልበትን መንገድ ማበጀት የእሱ ሥራ ነበር። አውሮፕላኖቹ በመላው ዓለም ከበረራ ታግደው ሥርዓቱ የሁለቱንም መሣሪያዎች ቁጥር እንዲያስተያይ ሆኖ ተስተካከለ። ከ346 ሰው በኋላ።

ጥር 2001 ዓ.ም. ላይ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ኤርባስ በዝይ መንጋ ሁለት ሞተሩን አጥቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ። 155ቱም ተረፉ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ሙዋን ላይ፣ ወፍ የመታው ቦይንግ 737 ጎማ ሳያወርድ በሆዱ አረፈ። ተንሸራቶ መንደርደሪያውን ጨረሰና ጫፉ ላይ ካለ የኮንክሪት ግንብ ጋር ተላተመ። ከ181 ሰዎች የተረፉት 2 ናቸው። ሁለቱም ጋ ወፍ አለ። አንዱ ጋ ከታች ወንዝና ጀልባ ነበር፣ ሌላው ጋ ግንብ። (ጣና አጠገባችን ነው አትበሉኝ። ደንገልና ታንኳ ለዚያ ነገር አይሆኑም።)

ስለዚህ ነው የኤርፖርቱን አጥር ሳይ ከውስጡ ይልቅ ውጭው የሚያሳስበኝ። ከውስጥ ያለው ሥራ ይታወቃል። ሣሩ በልክ ይታጨዳል፤ በጣም ካጠረ አንዱን ወፍ ይጠራል፣ ካደገ ሌላውን ይደብቃል። መንደርደሪያው ይቃኛል፣ ወፍ በድምፅ ይባረራል። ከውጭ ያለነው ግን እኛ ነን። ዓለም አቀፉ ምክር ቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት በ13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ባይሆን ይላል። 13 ኪሎ ሜትር ማለት ከተማችን በሙሉ ማለት ነው! የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ አሞራ ይጠራል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ተዘርግፎ የሚጣለው አንጀት አባ ኮዳን ይጠራል፤ እሱ ደግሞ ርግብ አይደለም፣ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ወፍ ነው። ከጆንያ የሚፈሰው በቆሎ ርግብ ይጠራል። ማንኛችንም አውሮፕላን ልንጥል ብለን አናደርገውም። ግን ወፍ የሚመታው በአብዛኛው ዝቅ ብሎ ሲበረር፣ ሲነሳና ሲያርፍ ነው። ያ ማለት ከጣሪያችን በላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም። በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ፣ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ቴነሪፍ ላይ 583 ሰው የሞተበት፣ አየር ላይ አልነበረም። በጭጋግ ውስጥ ጃምቦ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተላተሙ። የአንዱ ዋና አብራሪ የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ አለቃውን ግን ጫን ብሎ አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ ነው ለበታቾች «ተው» ማለት፣ ለአለቆች ደግሞ መስማት በትምህርት መልክ የሚሰጠው። እኛ ጎጃሞች ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ያደግንበት ጨዋነት ነው። እወደዋለሁ። ማዕድ ላይ እንጂ ኮክፒት ውስጥ ግን አልፈልገውም። መካኒክ «ብሎኑን በደንብ ያጠበቅኩት አልመሰለኝም» ሲል የሚባረር ከሆነ፣ ነገ የሚያጠብቀው ሳይሆን ዝም የሚለው ይበዛል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አልነገርኳትም። ልትሳፈር ላለች ሴት የሚነገር አይደለም። ደግሞም ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ሄዳ፣ አባይ በረሃን ወርዳ ከምትወጣ መብረሯ ይሻለኛል። ይህን የምለው ወድጄ ሳይሆን የመንገዱን አደጋ ስለማውቅ ነው። በሩ ላይ ሳመችኝና ገባች።

ስመለስ በዚያው መንገድ ነው። አንዲት እናት ሰፌድ ይዛ፣ ሁለት ልጆች አስከትላ አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ብላለች። መኪና ሲመጣ ዳር ትወጣለች፣ ሲያልፍ ትመለሳለች። ሰፌዱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ርግብ የቀረው ሦስት አራት ቢሆን ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት፣ ከቦሌ።

«ደህና ገባሁ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ እህል እንዴት ሆነ? ተለቀመ?»

«ለቅመውታል» አልኳት።