ላስቲክ ሞተር አያደርቅም
ወንድሜ «ዝናብ እንዳይገባ የመኪናውን ሞተር በላስቲክ ጥፍንግ አርገህ ጠቅልለው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል ግን ልክ አይደለም። ላስቲኩ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ይከለክላል እሺ፣ ከስር የሚነሳው እርጥበት ግን መውጫ ያጣና ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እዛው ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። እኔም ሞኝ ሆኜ ጠቅልዬ አሳድሬው ጠዋት አልነሳ አለኝ፣ የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ሳነሳው ውጪው ደረቅ ውስጡ ጠብታ በጠብታ! ደግሞ እንደ ጃጓር ኢ-ታይፕ ኮፈኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ያለው መኪና ሲዘንብበት ውሃው ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፣ ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) ላይ የአየር ፊልትሮ እስካለ ድረስ፣ የሚያስቸግረው ካንዴላውና ገመዱ ሲረጥብ ነው። ፊልትሮ አውልቀህ አፉን ክፍት ከተውከው ግን እሱን ክደነው። ለሌላው የሞተሩ ክፍል ግን አየር የሚያስወጣ የጨርቅ ሽፋን ከላይ ጣል አርግበት፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹንም ቅጠል እንዳይደፍናቸው እያቸው።